የሌሊት ወፎቹ ሁለተኛ ቅጽ

ጉንዳን ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የቤተ መጻሕፍቱ አንባቢዎች ናቸው፤ ፊት ለፊቷ ግን ደፍሮ የሚጠራት የለም፣ «እትዬ» ነው የምትባለው። ላይኛው ፎቅ ወዳለው የተፈጥሮ መጻሕፍት ክፍል የወጣ ሰው፣ ምንም ይፈልግ ምን፣ ስለ ጉንዳኖች የተጻፈውን ወፍራም መጽሐፍ ሳታስይዘው አትለቀውም። «እኔ የፈለግሁት ስለ ዶሮ እርባታ ነበር» ቢላት «እሱም አለ፣ መጀመሪያ ይሄን» ትላለች። እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ ግሩም ነው። ጸሐፊው ዕድሜውን በሙሉ አንድ የጉንዳን ጉድጓድ አፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ የኖረ ሰው ነው፤ ሚስቱ ጥላው የሄደችበትን ቀን እንኳ የሚያነሳው በግርጌ ማስታወሻ ነው።

የሰው ፊት አይታ መጽሐፍ ትመርጣለች። ከጎረቤቱ ተጣልቶ ለመጣ፣ ዛፎች ከመሬት በታች በሥሮቻቸው እንዴት እንደሚረዳዱ የሚያወራውን ትሰጣለች። እንቅልፍ ላጣ ስለ ቀንድ አውጣ የተጻፈውን፤ ቀንድ አውጣውም ጸሐፊውም አይቸኩሉም። ብቸኝነት ለበዛበት ደግሞ ፀሐይ በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ውስጥ የራሳቸውን መብራት ይዘው ስለሚዞሩት ዓሦች የሚተርከውን። ስንቱ ሰው «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ» እያለ ተመልሷል።

ነቢይ በአገሩ አይከበርም፤ ጉንዳን ደግሞ በቤቷ። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ የተቃረበች፣ እናቷ ያመጣችላትን መጽሐፍ ግን ገልጣ የማታውቅ። ትራሷ ላይ አኖረችላት፤ ልጅት አንስታ መሬት አስቀመጠችው። ስለ ዝሆኖች የሚያወራውን ባለ ሥዕሉን አመጣችላት፤ እሱ የሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ገባ። እርግጥ ጠረጴዛው ከዚያ ወዲህ ተንገዳግዶ አያውቅም። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ «ተያት እንጂ! እኔ መላጣ ሰው ጎትቼ ‘ና ልቁረጥህ’ ብዬ አውቃለሁ?» ይላታል። እሷ ግን መተው አልፈጠረባትም።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ አዲሷ መጣች። መግቢያው ላይ ያለው የመጽሐፍ ማዋሻ ጠረጴዛ ላይ ነው የመደቧት። ከመጣች ዓመት አልፏታል፤ ሌላው ሁሉ በስሟ ይጠራታል፣ በጉንዳን ቤት ግን እስከ ዛሬ «አዲሷ» ናት። ሳቋ ከእሷ ቀድሞ የሚመጣ ልጅ ናት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሳቃል? እሷ ትስቃለች። የተማረችው የሒሳብ አያያዝ ነው፤ ስለ እንስሳም ስለ ዕፅዋትም የምታውቀው የለም፤ ያገኘችውን ታነባለች፣ ያነበበችውን ላገኘችው ሰው ታወራለች።

የጉንዳን ልጅ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እየመጣች እናቷን ትጠብቅና አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። አንድ ቀን ልጅት መግቢያው አዳራሽ ቁጭ ብላ እናቷን ስትጠብቅ፣ አዲሷ አንድ መጽሐፍ በክንዷ ከልላ ስታነብ አየቻት።

«ምንድን ነው?»

«ተይው፣ አንቺ አትወጂውም። ስለ ሌሊት ወፍ ነው። ይቀፍፋል። እኔ ራሴ ትናንት መብራት ሳላጠፋ ነው ያደርኩት።»

በቃ፣ የተባለው ይህን ያህል ብቻ ነው። ማታ ራት ላይ ልጅት በግራ እጇ መጽሐፍ ገልጣ፣ በቀኝ እጇ ማንኪያውን አየር ላይ ሰቅላ ረስታው ነበር። ጉንዳን ይህን ስታይ ደስታ ሊገድላት ምንም አልቀረው። ያ ሁሉ ዓመት የዘራሁት በቀለ አለች በልቧ።

«ማን ሰጠሽ?» አለቻት፣ ድምፅዋን እንደምንም አለስልሳ።

«አዲሷ።»

ጉንዳን እጇን ዘርግታ ሽፋኑን ገለበጠች። ማኅተሙ የላይኛው ፎቅ ነው፤ የገዛ ክፍሏ፣ የገዛ መደርደሪያዋ! ይህን መጽሐፍ አቧራውን ስትጠርግለት ነው የኖረችው፤ የሌሊት ወፍ ስለምትጸየፍ ግን ከፍታው አታውቅም።

«አንብበሽዋል?» አለች ልጅት።

«እኔ? የሌሊት ወፍ? ምን በወጣኝ!» አለች ጉንዳን፣ ሳህኑን በኃይል እያነሳች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የሌሊት ወፍ መኖሪያ ሆነ። መጽሐፉን የጻፈችው ሴት ዋሻ ውስጥ ዣንጥላ ዘርግታ (ከላይ የሚወርደው ዝናብ አይደለምና) ዓመታት የተቀመጠች ናት። እናቶቹ ግልገሎቻቸውን ዋሻው ግድግዳ ላይ በሺህ በሺህ አጠጋግተው ሰቅለው፣ ሲመሽ ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ተመልሰው ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የየራሳቸውን ልጅ በድምፁና በጠረኑ ይለያሉ። አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ እናት አለች፣ ጸሐፊዋ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት። በአንድ ማዕበል ምሽት ወጥታ ሳትመለስ፣ ግልገሏ ግድግዳው ላይ እየተጣራ፣ አንደኛው ቅጽ ያልቃል። ልጅት ይህን ሁሉ ራት ላይ ስትተርክ አባቷ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። በየመሃሉ ግን «አዲሷ እኮ እንዲህ አለች፣ አዲሷ እኮ እንዲያ አለች» አለበት። ጉንዳን እያንዳንዷን «አዲሷ» በቆጠረች ቁጥር አንጀቷ እርር ይላል።

ቀናች። ሌላ ስም የለውም። ልጇን የወሰደባት ወጣት ወንድ ቢሆን ኖሮ ታለቅስና ይወጣላት ነበር፤ ይቺ ግን በአንዲት «ተይው አትወጂውም» ነው የወሰደችባት። የአዲሷ ሻርፕ አስጠላት፣ የሻይ አጠጣጧ አስጠላት፣ እስክሪብቶ ፀጉሯ ውስጥ መሰካቷ አስጠላት። «አንቺ ሴት፣ በሌሊት ወፍ መቅናትሽ ነው?» አለ ባሏ አንድ ቀን፣ ምላጩን እያጸዳ።

አንደኛው ቅጽ ባለቀ ማግስት ልጅት ሁለተኛውን ልትወስድ እንደምትመጣ ለአዲሷ ተናግራ ነበር። ጉንዳን በዚያ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ገብታ ሁለተኛውን ቅጽ ከመደርደሪያው አወረደችው። ለክፉ አልነበረም፤ ራሴ እሰጣታለሁ ብላ ነው። ከዚያ የልጇ ፊት ታያት። «አዲሷ ነግራሽ ነው?» ስትላት ሰማቻት፣ ገና ሳትናገር። ደሟ ፈላ። መጽሐፉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ከመግቢያው በታች ወዳለው ምድር ቤት ወረደችና፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው የተሻሩ የግብር ደንቦች መሃል ወተፈችው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ለማጥፋት መስረቅ አያስፈልግም፤ ያለቦታው ማስቀመጥ ይበቃል። ይህን ከጉንዳን በላይ የሚያውቅ የለም፤ መጽሐፍ ያለቦታው በመለሰ ሰው ላይ እንደ እሷ የሚጮህም የለም።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ የሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። ኮምፒውተሩ «አለ» ይላል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ታዲያ አዲሷ ምን አለች? «አንድ ቦታ ተወትፎ ነው፤ ከጫፍ ጫፍ እንፈልገዋለን!» አለችና ከልጅቷ ጋር ፍለጋ ጀመሩ። ድሮ ልጅት በሳምንት አንዳንዴ ቤቷ በቀጥታ ትሄድ ነበር፤ አሁን ሳታሰልስ ትመጣለች፣ የምትመጣው ግን ወደ እናቷ አይደለም። ሁለቱ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ራስ ለራስ ገጥመው፣ ከነፍሳት ወደ ተሳቢዎች፣ ከተሳቢዎች ወደ አእዋፍ እያንዳንዱን ጀርባ ያነባሉ። መንገድ ላይ ያገኙትንም ከፍተው ያያሉ። ስለ ምስጥ የተጻፈውን፣ ጎጆ ስለማይሠራው ወፍ የተጻፈውን፣ ጉንዳን ስንት ዓመት የለመነቻትን ሁሉ ልጅት አሁን በራሷ እጅ ታወርዳለች፤ ለእናቷ ብላ አይደለም እንጂ። ለያይቼ አራርቃለሁ ብላ አጣብቃቸው አረፈችው።

«እትዬ፣ የእርስዎ ዓይን እኮ ስለት ነው፣ እስቲ ያግዙን» አለቻት አዲሷ።

«ጠፍቶ ይሆናል» አለች ጉንዳን። «ዘንድሮ ሰው የትም ይወትፋል።»

ይህን ስትል ጆሮዋ ጋለ።

አንድ ከሰዓት የወፎቹን መደርደሪያ ከወዲያ በኩል ስታስተካክል ከወዲህ በኩል ድምፃቸውን ሰማች።

«ለምን እናትሽን አትጠይቂያትም? እዚህ ያለውን ሁሉ እኮ እሷ ናት የምታውቀው» አለች አዲሷ።

«እሷ መጽሐፍ ስትሰጠኝ ፈተና ነው» አለች ልጅት። «ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ ‘እሺ፣ ምን ገባሽ?’ ትለኛለች። አንቺ ግን አብረሽኝ ነው የምትፈሪው።»

ጉንዳን የያዘችውን መጽሐፍ የት እንደምታስገባው ጠፋት። እውነት ነው፣ ትላለች። ሁልጊዜ ትላለች። ለልጇ ማሰብ ይመስላት ነበር። አዲሷን ከበፊቱ ይልቅ ጠላቻት፣ በደግነቷ ጭምር።

በምሳ ሰዓት ልትመልሰው ምድር ቤት ወረደች። እውነት ልትመልሰው ነበር። ከግብር ደንቦቹ መሃል መዘዘችው፣ እንደው ምን ቢኖረው ነው ብላ ገለጠችው፣ እዚያው ቆማ ገባችበት። ምሳዋ ቀረ። በማግስቱም ወረደች፣ በሦስተኛውም። ቶሎ ልመልሰው ነበር፣ ግን መሃሉ ላይ ነኝ እያለች ራሷን ታታልላለች። ጆሮዋ የተቀደደችው እናት ከማዕበሉ ተርፋ ስትመለስ፣ ግልገሏን ያገኘችው አንዲት ሌላ እናት ጡት ላይ ተጣብቆ ነው። ጉንዳን ይህን ገጽ ደጋግማ አነበበች፣ በዚያች በሌላዋ የሌሊት ወፍ ላይም ክፉኛ ተናደደች። እናቲቱ ግን አልተጣላችም። አጠገባቸው ተንጠልጥላ ስትጣራ ቆየች፤ ግልገሉ ጠግቦ ሲጨርስ ድምፅዋን ሰምቶ ዞረ።

የዚያን ቀን ራት ላይ ልጅት ተስፋ ቆርጣ ነበር።

«በቃ፣ ጠፋ። ያቺ ምስኪን ተመልሳ ትምጣ አትምጣ ሳላውቅ ልቀር ነው። አዲሷ ደግሞ ሞታለች ባይ ናት፤ ግልገሉን ሌላ እናት ታሳድገዋለች አለችኝ።»

«ምን ታውቃለች እሷ!» ጉንዳን ማንኪያዋን ጣለችው። «እናቱ አልሞተችም! ተመልሳለች፣ በድምፅዋ ነው የለያት፣ ያቺ ሌላዋ ያጠባችው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው! እናቱ እያለች!»

አባወራው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

«አንቺ» አለች ልጅት ቀስ ብላ፣ «የሌሊት ወፍ መጽሐፍ ነክቼ አላውቅም ብለሽኝ አልነበር?»

ጉንዳን የምትሸሽበት አጣች። ሦስት ዓይነት ውሸት አፏ ላይ መጣ፣ ሦስቱንም ዋጠቻቸው።

«የት ነው ያለው?»

«ምድር ቤት» አለች። «ከግብር ደንቦቹ መሃል።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ቀንቼ» አለች ጉንዳን። «በእሷ ቀንቼ።» ከዚያም እንደ ልጅ አለቀሰች። ልጇ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች፣ በሩንም ዘጋች። ባሏ ፎጣ አቀበላት፤ ቀልደኛው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው አጣ።

ጠዋት ልጅት ሳትሰናበታት ወጣች። ጉንዳን ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ አንዲት ነገር ብቻ ታስብ ነበር፦ ትነግራታለች። ለአዲሷ ትነግራታለች፤ አዲሷም ለሌላው፤ ሃያ ዓመት «መጽሐፍ ያለቦታው አታስቀምጡ» እያልኩ የጮህኩባቸው ሁሉ ይስቁብኛል። ከዚያ በላይ ደግሞ ልጄ ሚስጥሯን እንደገና ለእሷ ትሰጣለች። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያማት ስትጠይቅ ሁለተኛው ሆነ።

ከሰዓት ልጅት መጣች። ላይ አልወጣችም። ጉንዳን ከደረጃው አናት ላይ ሆና ወደ ታች አየች። ልጅት አዲሷን እጇን ይዛ «ምድር ቤቱን አላየነውም እኮ» ስትላት ሰማች። «እዚያ ያለው የተሻረ ደንብ ነው» አለች አዲሷ። «እስቲ ለማንኛውም» አለች ልጅት። ወረዱ። ጉንዳን የደረጃውን ብረት ጨብጣ ጠበቀች። ከታች እየገፉ፣ እያነሱ፣ እያስነጠሱ የሚያወሩት ድምፅ ይመጣል። ልጅት ቦታውን እያወቀች ከመጀመሪያው መደርደሪያ ነበር የጀመረችው።

«አገኘሁት!» አለች በመጨረሻ።

አዲሷ በደስታ ጮኸች። ደረጃውን ተያይዘው ሲወጡ አዲሷ ልጅቷን አንገቷን አቅፋ፣ መጽሐፉ በሁለቱ ደረት መሃል ተጣብቆ ነበር። ጉንዳን አየቻቸው፤ ይህን ያደረገችላት ልጇ መሆኗን እያወቀችም ያ እቅፍ እንደ እሳት ፈጃት። ልጅት በአዲሷ ትከሻ ላይ ቀና ብላ እናቷን አየች። አልሳቀችም፣ አልተኮሳተረችም። ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

«እትዬ!» አለች አዲሷ፣ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አገኘችው! ግብር ደንብ ውስጥ፣ ያስቡት፣ ምን ዓይነት ሰው ነው እዚያ የሚወትፈው? እኔ ብቻዬን ብሆን ዕድሜ ልኬን እዚያ አልፈልግም። ምን ዓይነት ልጅ ናት ያለችዎት!»

ልጅት አንድ ደረጃ ከታች ቆማ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛ የእናቷን መልስ ትጠብቃለች።

«እዚያ የወተፍኩት እኔ ነኝ» አለች ጉንዳን። «እሷ ቦታውን እያወቀች የፈለገችው እኔን ለማትረፍ ነው። ልጄ ናት።»