በፍሎፒው ጀርባ የነበረው ዜማ

ቬይዮን የማውቀው በጆሮው ነው። በበረዷማዋ ካያኒ ከተማ፣ ለቤቶች ሙቅ ውሃ በሚያሰራጨው ማሞቂያ ጣቢያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ መለኪያዎቹን አይቼ «ሁሉም ደህና ነው» ስል እሱ ራሱን ይነቀንቃል። «ሦስተኛው ፓምፕ ድምፁ ወርዷል፤ ኩሽኔታው ሊሄድ ነው» ይላል። በሳምንቱ ኩሽኔታው ይሄዳል። ሙዚቀኛ ነበርክ እንዴ ብዬ በጠየቅሁት ቁጥር «የልጅነት ነገር ነው፣ ተወው» እያለ ወሬ ይቀይርብኛል። እኔ ደግሞ ተወው የተባልኩትን ነገር መተው አልችልበትም።

ነገሩ የወጣው ባለፈው ኅዳር ነው። ሥራ ላይ እያለን ስልክ ተደወለለት። አነጋግሮ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቅዳሜ በመኪናህ ኩሳሞ ትወስደኛለህ?» አለኝ።

«እዚያ ምን አለህ?»

«የሞተ ጓደኛዬ እናት።»

«ለቀብር ነው?»

«ቀብሩማ ሠላሳ አራት ዓመቱ።»

«ታዲያ የራስህ መኪና ምን ሆነ?»

«እኔ ከነዳሁ ከመንገድ እመለሳለሁ። አንተ አትመለስም፤ ወሬ ትወዳለህ።»

እውነቱን ነው። የሦስት ሰዓት መንገድ ስለሆነም ወሬውን ሙሉውን አገኘሁት።

ቬይዮ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የቤት ኮምፒውተር ነበረው። ያ ማሽን በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችለው ሦስት ድምፅ ብቻ ነው። ከበሮውንም፣ ባሱንም፣ ዜማውንም በሦስቱ ማብቃቃት ነበር ጥበቡ። እንደ እሱ ያሉ ልጆች ሙዚቃውን ከሚንቀሳቀስ ሥዕልና በስክሪኑ ላይ ከሚያልፍ ጽሑፍ ጋር ያቀናጁና «ዴሞ» ይሉታል። ምን ይጠቅማል ብትላቸው መልሳቸው ማሽኑ አይችልም የተባለውን እንዲችል ማድረግ ነው። የሠሩትን በፍሎፒ፣ በሁለት ገጹ በሚቀዳ ጠፍጣፋ ዲስክ፣ ገልብጠው በፖስታ ይላላካሉ። የኩሳሞው ልጅ ኢልፖ የቬይዮ የፖስታ ጓደኛ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሲላላኩ አንድም ቀን አልተያዩም፤ በስልክ እንኳ አልተነጋገሩም።

የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ፍሎፒ ውድ ስለሆነ የመጣልህን ለራስህ ትቀዳለህ፣ በላዩ አዲስ ትሞላበታለህ፣ ትመልሳለህ። ቴምብርም አይባክንም። ላኪው ቴምብሩን ሙጫ ይቀባዋል፤ ተቀባዩ ፖስታውን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ማኅተሙ ከሙጫው ጋር ይለቅና ቴምብሩ ለሚቀጥለው ዙር ይውላል።

«ሌቦች ነበራችኋ!» አልኩት።

«ስንት ቴምብር አድኜበታለሁ» አለ ሳይስቅ። «በመጨረሻ ግን ያ ሳህን ውሃ ጉድ ሠራኝ።»

አንድ ሰኞ ከኢልፖ ፍሎፒ መጣለት። ፍሎፒውን አውጥቶ ፖስታውን እንደ ልማዱ ሳህን ውስጥ ጣለው። ውስጡ ወረቀት መቅረቱን ያወቀው ውሃው ሰማያዊ ሲሆን ነው። ከወረቀቱ መነበብ የቻለው «የጀርባውን ገጽ» የሚለው ብቻ ነበር። ቬይዮ፣ ጀርባውን ሙላበት ማለቱ ነው ብሎ አሰበ። የፊቱን ገጽ ለራሱ ቀድቶ አስቀረ፣ በጀርባው ሌላ ነገር ቀዳበት፣ ማክሰኞ ዕለት መለሰው።

«ምን እንዳለበት ሳታየው?»

«ሁልጊዜ ጀርባው ባዶ ነበር እኮ። ሁልጊዜ!» የመኪናውን መስኮት በቡጢ መታ።

በሳምንቱ ከኢልፖ እናት ደብዳቤ መጣ። ኢልፖ ፍሎፒውን ፖስታ ቤት ባስገባ ማግስት፣ ዓርብ ዕለት፣ ሐይቁን ሲያቋርጥ ገና ያልጠናው በረዶ ከድቶት ሞቷል። «ላንተ አንድ ዜማ እንደላከልህ ነግሮኝ ነበር» ይላል ደብዳቤው። «እኛ ማሽኑን አናውቅበትም። እባክህ አሰማን።»

ዜማውን ቬይዮ ራሱ አጥፍቶታል። ይህን መጻፍ አቃተው። ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ የኢልፖን አካሄድ እየኮረጀ አንድ ዜማ ሠራ፣ ካሴት ላይ ቀዳው፣ የልጅዎ የመጨረሻ ሥራ ይኸው ብሎ ላከላት። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩን ሸጠ፤ አንድ ኖታ አልሠራም።

«እናቱ አሁን ቤቷን ሸጣ አረጋውያን ቤት ልትገባ ነው» አለኝ። «ባሏ እስኪሞት ድረስ ቆልፎት የኖረውን የልጁን ክፍል አስከፍታ የኢልፖን ማሽን ከነፍሎፒዎቹ አገኘች። በገዛ ማሽኑ አንድ ጊዜ አሰማኝና ከዚያ ውሰደው ብላ ነው የደወለችልኝ።»

«አሰማታ! ምን ችግር አለው?»

«ለኔ የላከው ቅጂውን ነው። ዋናው እዚያ ቤት ውስጥ ነው።» ኮቱን ዳበስ አደረገ። «የኔን ዜማ በፍሎፒ ይዣለሁ። እሱን አጫውትላታለሁ። ዋናውን ካገኘሁት በኪሴ ይዤው እወጣለሁ።»

ቀጥሎም «ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ አትሳቅብኝ» አለ። «ፍሎፒው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤታችን ስልክ ተደወለ። አነሳሁት። ማንም የለም፤ ሹ... የሚል ነገር ብቻ። ረጅም ጊዜ አዳመጥኩት።»

«የተሳሳተ ቁጥር ነዋ!»

«ነዋ» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጨለመ። የኢልፖ እናት፣ እማማ አይሊ፣ ቤት ስንደርስ የወጥ ቤቱ መብራት በርቷል፤ የሰማንያ ሦስት ዓመቷ አሮጊት ሄል የገባበት ዳቦ ከምድጃ እያወጣች ታንጎራጉራለች። ቬይዮ ደፉ ላይ ቀጥ አለ።

«የኔ ዜማ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ግን ዝግ ብሏል፤ ወፍሯል።»

ካሴቱ ከመጫወት ብዛት ተስቦ በየዓመቱ ሲዘገይ፣ እሷም ሳታውቀው አብራው ዘግይታለች። አንድ ልጅ በፍርሃት የፈጠረው ውሸት ከዚያች አሮጊት ጉሮሮ ይወጣል።

«ኧረ ግቡ፣ ብርዱን አታስገቡብኝ!» አለች። ቬይዮን ጉንጩን ዳሰሰችው። «ትልቅ ሰው ሆነሃል። የኔ ኢልፖ ግን ያው ልጅ ነው።»

የኢልፖ ክፍል ጣሪያው ሥር ነው። ማሞቂያው ያን ሁሉ ዘመን ተዘግቶ ስለኖረ ትንፋሻችን ይታያል። ትራሱ መሐል ሰው ተኝቶበት የተነሣ ይመስል ጎድጉዷል። እዚያ ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ለአልጋው መስጠት አልወደድኩም።

ቬይዮ ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያገናኝ እማማ አይሊ የፍሎፒዎቹን ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋ ታገላብጣለች። እኔ ወይ እሱ ሳንደርስባት አንዱን አወጣች። «ይሄ ላይ ስምህ አለ።» በልጅ እጅ «ለቬይዮ» ተብሎበታል።

ቬይዮ ተቀበላት። ሌላው እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ገባ። እሷ መነጽር አላደረገችም፤ ፍሎፒውን ቢለውጥባት አታውቅም ነበር። እጁ ከኪሱ ባዶውን ወጣ። የኢልፖን ፍሎፒ በጀርባው ገልብጦ አስገባው።

ማሽኑ ለረጅም ጊዜ አጓራ። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ፣ ብቻውን። ጥቂት ኖታ ይልና ቀጥ ይላል፤ ዝምታው ሲረዝም አለቀ ስትል እንደገና ይጀምራል። መልስ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። በስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ ማለፍ ጀመረ፤ እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ሰላም ቬይዮ። አንዱን ድምፅ ሞልቻለሁ። ሁለቱን ላንተ ነው ባዶ የተውኳቸው። ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እደውልልሃለሁ...»

እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ኢልፖ የሞተው ዓርብ ነው። የቀረውን ቬይዮ በከንፈሩ ብቻ አነበበው። «ድምፅህ ምን ይመስል ይሆን?» ይላል። የተሳሳተ ቁጥር ነው ማለቴን እሱም አላነሣብኝ፣ እኔም አልደገምኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች እማማ አይሊ።

«የኢልፖ ነው።»

«አይደለም። የልጄን ሙዚቃ አጣዋለሁ? ይሄ ማነው?» ተቆጥታ የራሷን አንጎራጎረች። «ልጄ ይሄ ነው!»

መውጫውን ራሷ ከፈተችለት። የሌላ ልጅ ነው በልና ገላግለን ብዬ በክርኔ ጎሸምኩት። ቬይዮ ግን ማሽኑ ፊት ከተንበረከከበት ሳይነሣ ወደ እሷ ዞረ።

«እማማ አይሊ፣ ሲሰሙት የኖሩትን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሱ የላከልኝን ሳልሰማው በላዩ ቀዳሁበት። ልነግርዎት ፈራሁና የራሴን ላክሁ። ኢልፖ ይሄኛው ነው።»

ከተቀመጠችበት ተነሥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዜማው አንድ ዙር ሄደ፣ ደግሞ ሌላ።

«ወጥ ቤቴ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጄ መስለኸኝ ስንቱን ነገርኩህ» አለች።

ቬይዮ አለቀሰ። እኔም እንባዬን መያዝ አልቻልኩም፤ ምን ልዋሽ። ቆይቶ ማሽኑን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ እጁን ያዘችው።

«ተወው። ድምፁን ቀንሰውና ውረዱ፤ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ብሉ። ከዚህኛው ጋር ገና አልተዋወቅንም።»

ወርደን ወጥ ቤት ተቀመጥን። ዳቦውን ማንም አልነካውም። በጣሪያው በኩል ያ ቀጭን ድምፅ ይመጣል፤ ዝም በሚልበት ቦታ ሁሉ እሷ ስታወራው ይሰማል።