ጫሞ ላይ የተዘረጋው የአባቴ ሸማ

ይገርምሻል ልጄ፣ ሰሞኑን ገበያ ላይ አንዷ ማር ሻጭ ሰፈፍ አቅልጣ ሰም ስታወጣ ሽታው አፍንጫዬ ገባና ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። «እማማ፣ ይግዙ እንጂ!» ትለኛለች። እኔ ግን በሐሳብ ጫሞ ሐይቅ ዳር ነበርኩ፤ በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ።

ያኔ በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ውስጥ መረብ እጠግን ነበር። አንድ ፈረንጅ የዓሣ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸራ የተተከለበት ሳንቃ ትቶልን ሄደ፤ ሰው ቆሞበት፣ ሸራውን በእጁ ይዞ፣ በነፋስ የሚሄድበት። ለማኅበሩ ወጣቶች ከዚያ ሌላ መጫወቻ አልነበረንም፤ እኔም ዳር ዳሩን ብዙ ተለማምጄበታለሁ። ችግሩ ሸራው ትንሽ ነበር፤ ለከሰዓቱ ኃይለኛ ነፋስ የተሰፋ። ከሰዓት ደግሞ ማዕበሉ አያስቆምም። ጠዋት ነፋሱ ጉንጭ ከመዳሰስ አያልፍም፤ ሳንቃው ባለበት ሲዋልል የቆመበት ሰው ይወድቃል። ጫሞ ውስጥ መውደቅ ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ አዞ አለ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ቁርጡን ነገረን። «ለማኅበራችን በዓል ጠዋት እንግዶች ይመጣሉ። ያኔ ሳንቃው ከሄደ ሄደ፤ ካልሄደ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ መዝናኛ ይላካል። የዶሮ ቆጥ ሲሆን ቆሜ አላይም!» ሳንቃው ሊወሰድብን ነው ብዬ እህል አልበላ አለኝ።

አባቴ ከደጋ የወረደ ሸማኔ ነበር፤ በሥራው የሚኮራ። ሰፊ ሸራ እንደሚያስፈልገን ስነግረው ሳቀብኝ። «ሸማኔ ቤት ተቀምጠሽ ሸራ ፍለጋ ትዞሪያለሽ?» ብሎ ከመሸመኛው ጉድጓድ ገባ። ምን ያደርጋል፣ ጨርቅ ካልወፈረ ሥራ የሠራ አይመስለውም፤ ቡሉኮ የሚያህል ሠራ። ሐይቁ ላይ ስንዘረጋው ውሃውን ጠጥቶ ምሰሶውን ይዞት ተኛ። ጓደኞቼ «ጫሞን ብርድ መታው እንዴ? አለበሳችሁት እኮ!» እያሉ አላገጡብን። አባዬ ጨርቁን ጠቅልሎ ወደ ቤት ተመለሰ።

በማግስቱ ጠራኝና፣ «ቀጭን አድርገሽ ፍተዪ፤ ከነጠላ የቀጠነ» አለኝ። እኔና እናቴ ፈተልን፤ እሱ ጥቅጥቅ አድርጎ ሠራ። እየቀጠልን ስንሰፋው ከፈረንጁ ሸራ እጥፍ ሆነ። ውሃ እንዳይጠጣ የቀለጠ ሰም በትኩሱ ቀባነው። ፀሐይ ሲነካው ቢጫ ሆኖ ያበራ ነበር፤ ቤታችንም ማር ማር ሸተተ።

ከዚያ ማን ይቁምበት ተባለ። ወንዶቹ ደረታቸውን ነፍተው ተራ በተራ ሞከሩት፤ ሳንቃው ከሁሉም እግር ሥር ቁልቁል ገባ። አባቴ ዞሮ አየኝ። «ጨርቁ ቀሏል፤ ሰውም ይቅለል እንጂ። እሷ ትሂድ» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ለአዞ ልትሰጣት ነው?» ብላ እናቴ ጮኸች። እኔ ግን ሐሳቤ ሳንቃው ላይ ነበር።

የበዓሉ ጠዋት ነፋሱ ቅጠል እንኳ በወጉ አያወዛውዝም። እንግዶቹ በጃንጥላ ሥር ተደርድረዋል። ሳንቃው ላይ ወጣሁ። ሸራውን ወደ ራሴ ሳብ አደረግሁት፤ ነፋስ ሞላው። ሳንቃው ጥቂት አንገራገረ፤ ከዚያ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ከውሃው ተላቀቀ። ሲንቦጫረቅ የነበረው ውሃ ጸጥ አለና ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። ኧረ ምን ልበልሽ፣ በረርኩ! ከዳር እልልታ ሰማሁ፤ ከሁሉ በላይ የምታሰማው እናቴ ነበረች። ሊቀመንበሩም በሰው ፊት «ላንጋኖ የራሱን ይፈልግ!» አለ።

ወደ ዳር ስመለስ አንድ እንግዳ ሸራውን እየዳሰሰ፣ «ይህን ያህል የቀጠነ ጨርቅ! የማን ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰዉ ሁሉ ወደ አባቴ ጠቆመ። አባዬ ስለ ሸማው ከተጠየቀ ወሬው ማለቂያ የለውም፤ ያን ቀን ግን ጨርቁን ዞር ብሎም አላየው። እጁን ውሃ በረጨው ራሴ ላይ ጫነና፣

«ልጅቷ የእኔ ናት» አለ።

አባዬ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው። የዚያ እጅ ሻካራነት ግን እስካሁን አናቴ ላይ ይሰማኛል።