ይቅር በይው

አባቴን ደንበኞቹ ክብሪት ይሉታል። ፊት ለፊት ባይሉትም እሱ ያውቃል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አንዲት መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ መኪናው ላይ አጎንብሶ አሮጌ ልብስ ያድሳል፣ በየመሃሉም ደንበኛ ይቆጣል። አንዷ የተቀደደ ቀሚስ ይዛ መጥታ «ከላይ ከላይ ድገምልኝ» ካለች አለቀላት። «አሮጌው ክር ሳይተረተር እኔ መርፌ አላሳርፍም። ከቸኮልሽ ሙጫ ግዢ» ብሎ ያባርራታል። በማግስቱ ተመልሳ ትመጣለች፤ እንደሱ የሚሰፋ የለማ። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ፣ እየተኮስኩ አብሬው እሠራለሁ። ደንበኞቹን ይቅርታ የምጠይቅለትም እኔው ነኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ይብስበታል። ዘንድሮ በመጀመሪያው ቀን ማለዳ መኪናውን ዘይት እየቀባ አወጀ፦ «ሥጋ ይቅር። ወተት ይቅር። ሲጋራም ይቅር።» ቁጣ ይቅር አላለም። እኩለ ቀን ሳይሆን ሁለት ደንበኛ አባሮ፣ አንድ መቀስ ወርውሮ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይገኛል፤ የገዛ ወንድሙን ስም ግን ማንም እንዲጠራበት አይፈልግም። እኔን የማይዋጥልኝ ይሄ ነው።

አጎቴ የሚኖረው ከእኛ ሁለት ፌርማታ ርቆ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አያቴ፣ የሁለቱም እናት፣ ስትቀበር አልመጣም። አባቴ ለምን እንደቀረ እንኳ አልጠየቀም፤ በሩን ዘጋበት፣ አበቃ። እኔም መንገድ ላይ ሳገኘው እንደማላውቀው ሰው እንዳልፈው ታዘዝኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መሬት መሬት እያየሁ አለፍኩት። ሳስበው አሁንም እናደዳለሁ፤ በአባቴም፣ በራሴም።

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት አጎቴ ስልኬ ላይ መልእክት ላከ፦ «መጥቼ ወንድሜን ማየት እፈልጋለሁ። ልምጣ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

ለአባቴ አነበብኩለት። መኪናው ቆመ።

«ይቅር በይው» አለኝ። አትምጣ በይው ማለቱ ነው፤ መምጣቱ ይቅር።

«እንደዚሁ ልጻፍለት?»

«እንዳልኩሽ ጻፊ።»

እንዳለኝ ጻፍኩ። «አባዬ ይቅር ብሏል።» አጎቴ እንዴት አድርጎ እንደሚያነበው አልጠፋኝም። ግን ንዴት ለአባቴ ብቻ ነው እንዴ የተሰጠው? ላክሁት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አጎቴ በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል። የለበሰው ከጠቡ በፊት አባቴ የሰፋለትን ግራጫ ኮት ነው።

«አንተ ይቅር ካልከኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» አለው።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምንድነው የጻፍሽለት?»

«ያልከኝን።»

ክብሪቱ ተጫረ። እኔን ትቶ ወንድሙ ላይ ወረደበት። «እኔ ይቅር ያልኩት መምጣትህን ነው! ሬሳዋን ከጎረቤት ጋር ነው የተሸከምኩት። ሰው ሁሉ ታናሽህ የት አለ ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። የት ነበርክ?»

«ሰክሬ ነበር» አለ አጎቴ። «እንደዚያ ሆኜ እሷ ፊት መቆም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ አልቀመስኩም። እሺ፣ እሄዳለሁ።»

ሊወጣ ሲዞር የኮቱ ጀርባ ታየ። ከትከሻው እስከ ብብቱ ተቀዶ፣ አሮጌው ስፌት ላይ በጥቁር ክር ተደርቦበታል፤ ያውም ጠማማ።

«ቁም» አለ አባቴ። «ይሄን ማነው እንዲህ ያበላሸው?»

«እኔው ነኝ። ሌላ ሰፊ ጋ መውሰድ አልሆነልኝም።»

አባቴ ጠማማውን ስፌት በጣቱ ተከትሎ መረመረ። ከዚያ «አውልቀው» አለው፣ አሁንም በቁጣ። ኮቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በምላጭ ይተረትር ጀመር። የአጎቴን ጥቁር ክር ነቀለ። ከሥሩ የራሱ የድሮ ግራጫ ክር ነበረ፤ እሱንም ነቀለው። እየነቀለ ይሳደባል፤ አጎቴ የደንበኛ ወንበር ላይ በሸሚዙ ተቀምጦ ስድቡን አንድ በአንድ ይቀበላል።

ስልኬ ጮኸ። የአጎቴ ሚስት ናት፤ ምን አለው ብላ ጨንቋታል።

«አባዬ፣ ምን ልበላት?»

አዲስ ክር በጥርሱ በጥሶ መርፌው ውስጥ አስገባ። «ይቅር ብሏል በያት።»

«የቱን ይቅር?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ትናንት የላክሽውን፤ እሱ እንዳነበበው» አለ።