ሦስት የሰንበሌጥ ቁራጮች

በጣሊያን ጊዜ ነው። ሚስቴ በየሮቡ ደብረ ማርቆስ ገበያ ስትወጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ አንድ ነገር ቋጥራ ጣሊያኑ ሐኪም ዘንድ ጎራ እንደምትል ሰማሁ። ቅናት እንቅልፍ ነሳኝ። ከእርሻ ስመለስ እግሬን ስታጥበኝ እንኳ ፊቷን እሰልል ጀመር። እሷ ግን ውስጥ እግሬ ላይ ካለው ጥቁር ነገር ዐይኗን አትነቅልም።

"እባክህ ይህን ሐኪም ይየው።"

"የእሾህ ጠባሳ ነው፤ ዝም ብለሽ እጠቢ!"

በሦስተኛው ሮብ ዱላዬን ይዤ ተከተልኋት። በሩን በርግጄ ስገባ ሐኪሙ ቋጠሮዋን ሲቀበላት ደረስሁ።

"ለዚህ ሰው ምንድን ነው የምትሰጭው?" ብዬ ጮኽሁ።

ሐኪሙ ዱላዬን ከቁብ ሳይቆጥር አስቀምጦኝ ውስጥ እግሬን አገላብጦ አየ። ከዚያ ከመሳቢያው ሁለት የሰንበሌጥ ቁራጮች አውጥቶ ከቋጠሮው ከወጣው ሦስተኛ ቁራጭ ጎን ደረደራቸው። አንዱ ካንዱ ይረዝማል።

"ሚስትህ እግርህን ስታጥብ ጥቁሩን የለካችበት ነው" አለኝ ከሐኪሙ ጎን የቆመው አስተርጓሚ። "በየሳምንቱ እየሰፋ ነው። እሾህ ሳይሆን የቆዳ ነቀርሳ ነው ይላል፤ ወደ ሌላ ሰውነትህ ሳይሰራጭ ዛሬውኑ ተቆርጦ ይውጣ።"

ቆርጦ አወጣው፤ ዳንሁ። ሚስቴንም እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ግን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ነገር አለ፦ ሰውዬው እነዚያን ሰንበሌጦች መልሶ መሳቢያው ውስጥ የቆለፈባቸው ለምንድን ነው?