ብቻዬን ልሁን ብዬ ሸዋ ሮቢት ወርጄ

ዓርብ፣ ንጋት

አውቶቡስ ተራ ገና አልነጋም። ረዳቱ «ደሴ! ኮምቦልቻ!» እያለ ይጮሃል፤ እኔ ግን መንገድ ላይ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። ለሥራ አይደለም፣ ለሰርግም አይደለም። ለወራት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ሐኪም ጋ ብሄድ «ቀስ በል፣ ብቻህን ሁንና ለራስህ ጊዜ ስጥ» ብሎ ሰደደኝ። እንዴት እንደሚሰጥ አልነገረኝም፤ እኔም አፍሬ አልጠየቅኩም።

ከጎኔ ያሉት ሴትዮ «ማንን ልትጠይቅ ነው?» አሉኝ።

«ማንንም።»

ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

ዓርብ፣ እኩለ ቀን

ደብረ ሲና ላይ ጭጋግ፣ ትኩስ ሻይ፣ የገብስ ቆሎ። ከዚያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ተሳፋሪው ሁሉ ኮቱን ያወልቃል። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ በጆንያ የተከመረ ሽንኩርት፣ መሀል አስፋልት ላይ የቆመ የጋሪ ፈረስ። እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ሆቴል አልጋ ያዝኩ።

ቅዳሜ

ሌሊቱን አሁንም አልተኛሁም። ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያስ? ለራስ ጊዜ መስጠት ይሄ ነው? ቅጠል አየሁ። ጉንዳን አየሁ። ፈቃድ ከወጣሁ ጀምሮ ያልተላጨ ጢሜን ዳበስኩ።

«ምሳ ላቅርብልህ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«አልራበኝም።»

«ምነው ብቻህን?»

«ብቻዬን መሆን ፈልጌ ነው።»

ጢሜን አዩ፤ ጥቁር ሸሚዜን አዩ። ከንፈራቸውን መጠጡና ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ ሰሌንና ሁለት ጎረቤቶች ይዘው መጡ። ሴቶቹ «እግዜር ያጥናህ» እያሉ ተራ በተራ ሳሙኝ።

 ከቤት ስልክ ተደውሎ ይሆን? እናቴ? ልጠይቅ ፈራሁ። በዚህ መሀል ጋሼ ይመር የተባሉ የማሾ ጥራጥሬ ነጋዴ ሽማግሌ ገብተው ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ ልጄ። ማን ነው የሞተብህ?»

ለካ እነሱም አያውቁም! እፎይ አልኩ። ግን ምን ልበል? ያመጡልኝ እንጀራና ወጥ ቀርቧል፣ አንዷ ሴትዮ ዕንባ አቅርራለች። «ማንም» ማለት አሳፈረኝ። አንገቴን ስደፋ ሐዘኑ ጠናበት ብለው አጎረሱኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሾው፣ አጣዬ ስለተዳረችው ልጅ ቀስ ብለው ያወራሉ። እኔ እሰማለሁ። መቼ ጋደም እንዳልኩ አላውቅም። ስነቃ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፣ ነጠላ ለብሻለሁ፣ እነሱም እንዳሉ አሉ፤ በሹክሹክታ ያወራሉ።

እሁድ

ጋሼ ይመር እስከ መኪናው ሸኙኝ። ኅሊናዬ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ማንም አልሞተብኝም።»

ቆም ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ታዲያ እንዲህ ያረገህ ማነው?»

ቦርሳዬን አንስቼ ወደ መኪናው በር ተጠጋሁ።

«በል ግባ» አሉ። «ዘነበች እንዳትሰማ ብቻ። ዛሬ የታች ሰፈሮቹ ሊመጡልህ ነበር።»

አዲስ አበባ ሲመሽ ገባሁ። ባለቤቴ በሩን ከፍታ ፊቴን መረመረች።

«ተኛህ?»

«ተኛሁ።»

«አየህ፣ ብቻህን መሆን ነበር የሚያስፈልግህ!»

ቦርሳዬን አስቀምጬ ጢሜን ልላጭ ገባሁ።