ጎማው የተፈታ ሻንጣ

ፍኖተ ሰላም ገበያ፣ በርበሬ ተራ ላይ ባንቺአየሁን የማያውቅ የለም፤ የሚያውቃት ሁሉ ግን ከበርበሬዋ ይልቅ አፏን ያስታውሳል። ገበሬ በርበሬ ሊሸጥላት ሲመጣ ጆንያውን ታስፈታና አንድ ፍሬ አንስታ ጆሮዋ ሥር ትሰብራለች። የደረቀ በርበሬ ሲሰበር ይንኮሻኮሻል፤ ውሃ የተረጨው ዝም ይላል። ዝም ካለ፣ "ይኸ ጎመን ነው፤ ጎመን ተራ ውሰደው" ትለዋለች። ውሃ የጠጣ በርበሬ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ቤት ሲከርም ይሻግታልና ንቀቷ ምክንያት ነበረው። ክፋቱ፣ በበርበሬ የጀመረችውን ንቀት በሰው መጨረሷ ነው።

ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትንቃት ደግሞ የባሏን የገነነን እኅት ወለተ ሐናን ነበር። ነገሩ የቆየ ነው። ባንቺአየሁ ልጇን ማርያማዊትን የወለደች ጊዜ ወለተ ሐና ከፈረስ ቤት በእግሯ ወርዳ አራስ ልትጠይቅ መጣች። ከጀርባዋ ያወረደችው ሸክም ሲፈታ የአማት ቅቤ ወጣ፤ የጎረቤት ተልባ ወጣ፤ የአክስት የገንፎ ዱቄት ወጣ፤ እግሯ የታሰረ ዶሮም ነበረች። ሁሉም የላኪው ስም እየተጠራ ጥግ ጥጉን ተቀመጠ። የወለተ ሐና ስም ብቻ ሳይጠራ ሸክሙ አለቀ። ባንቺአየሁ ከመደቧ ላይ ሆና "ያንቺስ የታለ?" አለቻት።

ወለተ ሐና መሬት መሬት እያየች "የኔ ጀርባዬ ነው" አለች።

አራስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ደሃ እንኳ እፍኝ ተልባ በጨርቅ ቋጥሮ ይሄዳል። ስለዚህ ባንቺአየሁ በዚያች መልስ ሳቀች፤ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመት በሰርግም በማኅበርም "ጀርባዋን ያመጣችልኝ" እያለች ሰው አሳቀችባት። እሷ ይህን ባወራች ቁጥር ገነነ ጫማውን ያያል።

ዘንድሮ ማርያማዊት አዲስ አበባ ላይ፣ ብዙ ከተጠበቀ በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። የአዲስ አበባው የመኪና መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል፤ ልጅቱም እናቷ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን እንድትመጣ ቲኬት ቆረጠችላት። ባንቺአየሁን እንቅልፍ የነሳት አውሮፕላኑ አልነበረም። የልጇ አማት፣ ወይዘሮ ዮርዳኖስ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አራስ ቤቱን በቅቤ በማር ሞልታዋለች ሲባል ሰማች። እናት ከዚህች ሴት ፊት ቀልላ ብትገኝስ? ስለዚህ ከራሷ ማሳ የገባውን ገብስ በእጇ ለቀመች፣ አመሰች፣ ፈተገች፣ አስፈጨች፣ ሁለት ጊዜ ነፋች። ማርያማዊት በእናቷ ዱቄት የተገነፋ ገንፎ ሳትቀምስ ከአራስ ቤት ብትወጣ ባንቺአየሁ ገበያ ለመቀመጥ ፊት አይኖራትም ነበር።

ማርያማዊት ግን በስልክ አንድ ነገር ደጋግማ ነገረቻት። ቲኬቱ ርካሹ ነው፤ በእጅ ከሚያዝ አንድ ሻንጣ በቀር አያስጭንም፤ እሱም ከሰባት ኪሎ መብለጥ የለበትም።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንየው፤ ነገሩ ሲያዩት ደስ ይላል። ሰባት ኪሎ የሚባለው ሻንጣውን ራሱን ጨምሮ ነው። ሻንጣው አራት ኪሎ ከሆነ የሚተርፍልህ ሦስት ነው፤ አንድ ኪሎ ከሆነ ስድስት ነው። ስለዚህ ሻንጣ የሚመርጥ ሰው ምን ያህል ይይዛል ብሎ ከመጠየቁ በፊት ባዶውን ስንት ይመዝናል ብሎ መጠየቅ አለበት። በርበሬ በጆንያ ስትመዝን የኖረች ሴት ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያሻትም። የጆንያውን ክብደት የማይቀንስ ነጋዴ ጆንያ ገዝቶ ይገባል።

ስለዚህ ባንቺአየሁ የእጅ ሚዛኗን በነጠላዋ ጠቅልላ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የመልካሙ ሱቅ ሄደች። መልካሙ ሻንጣዎቹን ከነላስቲካቸው በበሩ ግራና ቀኝ ደርድሯቸዋል። መጀመሪያ ያወረደላት ደረቅ ፕላስቲክ የሆነውን፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨውን ነው።

"እትዬ ባንቺ፣ ይኸን መኪና ቢሄድበት አይሰበርም።"

"የምሄደው በሰማይ ነው። በሰማይ ምን መኪና ይሄድበታል?"

መልካሙ ገፋ ሲያደርገው ሻንጣው በአራት ጎማው ተንሸራቶ ከባንኮኒው ጋር ተላተመ። ባንቺአየሁ ጎማዎቹን ዝቅ ብላ አየቻቸው። ባጃጅ በሦስት ጎማ አራት ሰው ከነጆንያው ይጭናል፤ ባዶውን ለሚንቀዋለል ለዚህ አራት ጎማ ምን ያደርግለታል አለች። ከዚያ መንጠቆውን በእጀታው አስገብታ ሰቀለችው። ወደ አራት ኪሎ ተጠጋ። ከተፈቀደላት ከግማሽ በላዩን አንዲት እፍኝ ዱቄት ሳይገባበት በላው ማለት ነው።

መልካሙን ቀላል እንዲያመጣላት ጠየቀችው። መልካሙም የማያመጣበትን ምክንያት አስረዳት፤ ነገሩም እውነት ነበር። በዚህ አገር ሰው ሻንጣ የሚመርጠው እንደ ዶሮ ነው። በእጁ አንሥቶ ይመዝናል፤ ከከበደው ጥሩ ነው ይላል፤ ከቀለለው ይቀደዳል ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ነጋዴው የሚያስመጣው ከባድ ከባዱን ነው። ባንቺአየሁ ሕዝቡንም መልካሙንም በአንድ ትንፋሽ ናቀች። ዶሮ የሚመዘነው ሊበላ ነው፤ ሻንጣውን ማን ሊቀቅለው ነው?

በመጨረሻ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ የጨርቅ ሻንጣ ወጣ። ሁለት ጎማ አለው፤ ወደ ላይ የሚሳብ እጀታ አለው። ሦስት ኪሎ አልሞላም። ይህም አልበቃትም። ገልብጣ ገበሩን በእጇ ዳበሰች፤ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ያዘች። ያኔ ነው የገባት። ጨርቁ ምንም አይመዝንም፤ የሻንጣው ክብደት ያለው አጥንቱ ላይ ነው። ጎማዎቹ፣ ለእጀታው የገቡት ሁለት የብረት ዘንጎች፣ ከታች የተነጠፈው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ፤ ሌላው ንፋስ ነው።

"ካቻቢቴ አምጣ" አለችው።

መልካሙ በመጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። "በቅሎ ገዝቶ እግሯን መቁረጥ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"በቅሎዋን የምሸከማት እኔ ነኝ። አንተን ምን ቆረጠህ?"

እያንዳንዱን ብሎን ሲፈታ ጥርሱ እንደሚነቀልበት ሰው ፊቱ ተኮማተረ። ጎማዎቹንና ዘንጎቹን በፌስታል አድርጎ ሰጣት፤ እሷ ባንኮኒው ላይ ትታለት ወጣች። ሻንጣው ሲሰቀል ከአንድ ኪሎ እምብዛም አልዘለለም። ቤት ገብታ ለገነነ ስታሳየው አገላብጦ አየና ይኸ ሻንጣ ነው ወይስ የሻንጣ ቆዳ ብሎ ጠየቃት። እሷ አምስት ኪሎ ዱቄቷን አስገባች፤ ቅያሪ ልብሷን ከላይ አጠፈች፤ ሚዛን ላይ ሰቀለችው። ልክ ሰባት። ዚፑን ዘጋችና እንደ ገዳም በር አየችው፤ ከዚህ በኋላ የሚገባ የለም።

ግን ገባ። በመንገዷ ዋዜማ ወለተ ሐና ከፈረስ ቤት መጣችና የዱቄት ቋጠሮ እፊቷ አኖረች። "ለማርያማዊት ነው። አደራ" አለች።

ባንቺአየሁ ቋጠሮውን አየችው። ልጅቱ አድጋ፣ ተድራ፣ ወልዳ፣ አሁን ገና!

"ጀርባሽን ዘንድሮ የት ተውሽው?" አለቻት።

"ዘንድሮ ተሸካሚዋ አንቺ ነሽ" አለች ወለተ ሐና። ገነነ ጫማውን አየ።

አደራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሰጪውን መናቅ ይቻላል፤ አደራውን አልቀበልም ማለት ግን ነውር ነው። ተቀብሎ አለማድረስ ደግሞ ከነውርም ያልፋል፤ ሰው የራሱን ይጥላል እንጂ የሰው አደራ አይጥልም። ስለዚህ ባንቺአየሁ ከንፈሯን ነክሳ ዚፑን ከፈተች። አንዴ የተከፈተ ዚፕ ወሬው ይሰማል። የጎረቤት ተልባ በማታው ገባ። በማግስቱ እሷና ሊሸኛት የተነሣው ገነነ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ቡሬ ሲቆም ወንድሟ ክንዱ መናኸሪያው ውስጥ በርበሬ ይዞ ይጠብቃል። ለበርበሬ ነጋዴ በርበሬ ይላካል ወይ ብላ ተዘባበተችበት። "ያንቺን ትሸጪዋለሽ፤ የኔን ልጄ ትበላዋለች" አላትና በእጁ ራሱ ከተተው። መራዊ ላይ ደግሞ የገነነ የአጎት ልጅ ሹፌሩን አስቁሞ ነጭ ሽንኩርት በመስኮት አቀበለ። ሻንጣው በሁሉም በኩል አበጠ፤ ጎማ ስለሌለው መሬት ላይ እንደ ጠገበ ጥጃ ተጋደመ።

ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሚዛኑ አሥራ ሁለት አለ። የምትመዝነው ልጅ በትሕትና፣ እማማ አምስት ኪሎ ይቀንሱ አለቻት። መክፈል ይቻል እንደሆነ ገነነ ጠየቀ፤ አውሮፕላኑ ትንሽ ነው፣ ጭነቱም ሞልቷል፣ አይቻልም ተባለ። ባንቺአየሁ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሻንጣውን ከፈተች። በጎኗ ሰዎች በአራት ጎማ የሚንሸራተት ሻንጣቸውን እንደ ታሰረ ውሻ እየጎተቱ ያልፋሉ። በዚህ ሰዓትም ቢሆን መናቋን አልተወችም።

ተልባውን አነሣች፤ መለሰችው። ሽንኩርቱን አነሣች፤ መለሰችው። በርበሬውን እንኳ፣ አፏን አጣማ፣ መለሰችው። የወለተ ሐናን ቋጠሮ ስታነሣ ገነነ ቁጢጥ አለ።

"የእሷን እኔ ልመልስላት" አለ ቀስ ብሎ። "የሌላውንም ባለቤቶች ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኅቴ ናት፤ አትቀየመኝም።"

ባንቺአየሁ ቋጠሮውን በእጇ ይዛ ቆየች። ከተመለሰ የወለተ ሐና እጅ ዳግመኛ ባዶ ይሆናል፤ ይህን ጊዜ ግን ባዶ ያደረገችው ራሷ ናት። ያን ሁሉ ዓመት በማኅበሩ የሳቀችው ሳቅ ማን ላይ ሊያርፍ ነው? ከቅያሪ ልብሷ በቀር በሻንጣው ውስጥ የማንም አደራ ያልሆነ አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የተነፋው፣ አምስት ኪሎው። አውጥታ ገነነ እቅፍ ላይ ጣለችው።

"ገንፍተህ ብላው" አለችው። "ቅቤ ግን አታብዛበት፤ ያንተ ምላስ አይለየውም።"

ሚዛኑ ልክ ሰባት አለ። የምትጎትተው ጎማ፣ የምትስበው እጀታ የለምና ሻንጣውን በነጠላዋ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ወደ አውሮፕላኑ ሄደች። ከኋላዋ የነበረ ወጣት ልያዝልዎ አላት፤ የራስህን ጎትት አለችው።

አዲስ አበባ፣ የማርያማዊት ቤት ስትደርስ ወይዘሮ ዮርዳኖስ ተነሥታ ተቀበለቻትና ሸክሙን ከጀርባዋ አወረደችላት። ሻንጣው ተከፈተ። ይኸ የአክስትሽ ዱቄት ነው፣ ይኸ የጎረቤት ተልባ ነው፣ ይኸ የአጎትሽ የክንዱ በርበሬ፣ ይኸ ከመራዊ ሽንኩርት፤ ሁሉም ስሙ እየተጠራ ጥጉን ያዘ። ከሻንጣው የቀረው ቅያሪ ልብሷ ብቻ ሆነ።

ወይዘሮ ዮርዳኖስ በክፋት አልጠየቀችም፤ ስለዚህ ይበልጥ ከበደ። "የእርስዎስ የትኛው ነው?"

ባንቺአየሁ መሬት መሬት አየች።

"የኔ ጀርባዬ ነው" አለች።

ወይዘሮ ዮርዳኖስ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ሳቋም ረጅም ነበር። ማርያማዊት አልሳቀችም፤ ይህን ቃል በልጅነቷ በየማኅበሩ ሰምታዋለች። የአክስቷን ዱቄት እንዲገነፋላት ጠየቀች።

ገንፎው ቀርቦ ሁሉም ከቀመሰ በኋላ ባንቺአየሁ ስልክ አንሥታ ፈረስ ቤት ደወለች።

"ዱቄትሽ ደርሷል" አለች። "ሻካራ ነው፤ ወንፊት አላየም።"

"ያንቺስ ላመላቸው?" አለች ወለተ ሐና።

"የኔማ ገነነ ጋ ቀረ።"

ከወዲያ በኩል ሳቅ ይመጣል ብላ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው። ሳቅ አልመጣም። የመጣው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ጀርባዋን አሟት እንደሆነ ወለተ ሐና ጠየቀቻት።

"ያማል እንጂ" አለች ባንቺአየሁ። "አንቺ ደግሞ በእግርሽ ነበር የመጣሽው።"