የሐጂ ይመር ሰዓት ማሽን

አባቴ ዑመር ሰዓት ሠሪው የሰው ሰዓት ማሽን አልቀየረም። ቀየረ ተብሎ ደሴ ላይ፣ በሰው ፊት ተወንጅሏል። ያን ካሉት ሰዎች አብዛኞቹ ሞተዋል፤ እኔ ግን አለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ይህን ለመጻፍ ግን ይበቃኛል።

ነገሩን የቀሰቀሰው አሁን በምኖርበት በፈረንጅ አገር ያለፈው ጸደይ ነው። በረዶው ቀልጦ፣ ክረምቱን እንዳያንሸራትተን መንገድ ላይ የበተኑት ጠጠር ገና ሳይጠረግ፣ ከልጅ ልጄ ከሂክማ ጋር ሞርተንሩድ ትምህርት ቤት ሎፐማርክድ ሄድን። ሰው ያረጀ ዕቃውን የሚያወጣበት ገበያ ነው። ግቢው በሙሉ ቫፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ ይሸታል። ከማንኪያና ከአሮጌ ኩባያ መሃል አንድ የእጅ ሰዓት አየሁ፤ ፊቱ አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ ወርቅ ቅብ፣ ከታች ለብቻዋ የምትዞር የሰከንድ ቆጣሪ ያለችው። አንስቼ ያዝኩት።

«ኔይ እማማ፣ የቆመ ሰዓት እኮ ነው። ስልክሽ ላይ አለልሽ አይደል?» አለች ሂክማ።

«ሰዓት ልይበት አይደለም። ሆዱን ላየው ነው» አልኳት።

የዚያን ዓይነት ሰዓት ያየሁት በልጅነቴ አንድ ሰው እጅ ላይ ብቻ ነው። ሐጂ ይመር የእህል ነጋዴ ነበሩ። ሻይ ሲጠጡ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው «የአሜሪካ ነው» ይሉ ነበር፣ ሳይጠየቁም። የፋብሪካውን ስም አልጽፍም፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም።

ያ ነገር ሲሆን ወሩ ነሐሴ ነበር። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም የሱቃችንን በር ይዘጋዋል። አባቴ ሙያውን ከአንድ ዓረብ ሰዓት ሠሪ ሥር ተቀምጦ ነው የተማረው፤ ፊደል አልቆጠረም። እኔ ትምህርት ሲዘጋ ከእሱ ጋር እውላለሁ፤ ቆሎ ስቆረጥም ግን «ገለባው ማሽን ውስጥ ይገባል» እያለ በር ላይ ያስቀምጠኛል። ብርድ ነው፣ ጭቃ ነው፤ ቢሆንም ወደ ውስጥ አያስገባኝም። እንዲያ ነበር የሰው ዕቃ የሚጠብቀው።

የሐጂን ሰዓት ጠርጎ፣ ዘይት ነክቶ መለሰላቸው። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌ ይዘው መጡ። አንድ ሌላ ሰዓት ሠሪ «ይህ ማሽን የአሜሪካ አይደለም» ብሏቸው ኖሯል።

«ዑመር፣ ክፈተው» አሉ።

አባቴ የጀርባውን ክዳን ከፈተ። «ልጄ ታነባለች፤ እሷ ታንብብላችሁ» አለና ማጉያ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረገልኝ። ደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል አየሁ። ከክፍሌ በንባብ የሚቀድመኝ አልነበረምና ድምፄን ከፍ አድርጌ «ስዊስ» አልኩ።

«ስዊስ ምንድን ነው?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«አገር ነው። አውሮፓ ውስጥ።»

«ሰማችሁ?» አሉ ሐጂ። «ፊቱ አሜሪካ፣ ሆዱ ሌላ። የኔን አውጥቶ የማንንም ከተተበት። የገዛ ልጁ መሰከረችበት።»

ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ዱዓ አድርገን እንለያይ አሉ። አባቴ «ያላጠፋሁትን ይቅር በሉኝ ካልኩ፣ ያኔ ነው የዋሸሁት» አለ። «እንግዲያው ማል» አሉት። «ቃሌን ያላመነ መሐላዬን አያምንም» ብሎ ክዳኑን ገጠመና ሰዓቱን በሁለት እጁ ለባለቤቱ ሰጠ።

ጁምዓ ዕለት ሐጂ መስጊዱ በር ላይ ለሰው ሁሉ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ የእጅ ሰዓት የሚያመጣልን ጠፋ። የሚመጣው ማሽኑን ማንም የማይመኘው የደወል ሰዓት ብቻ ሆነ። ለእኔ የታሰበ አንድ ባልም «የማሽን ቀያሪ ልጅ» ብሎ ቀርቷል፤ ደግ ቀረ።

«ባላነብ ኖሮ» ብዬ ያለቀስኩ ቀን አባቴ «ያለውን ነው ያነበብሽው። ነገም ያለውን አንብቢ» አለኝ። እስኪሞት ድረስ በየጠዋቱ ሱቁን ከፍቶ፣ ጠረጴዛውን ወልውሎ፣ ቀና ብሎ ይቀመጥ ነበር። እንደሱ ቀና ብሎ የተቀመጠ ሰው አላየሁም።

የሎፐማርክዱን ሰዓት ይዤ ሄልስፊር አጠገብ ያለ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ሲከፍተው ያው ቃል፣ ያው ቦታ ላይ ተቀምጧል። በሂክማ አፍ «ማሽኑ ተቀይሯል ወይ?» አልኩት።

«ኔይ፣ አልተቀየረም» አለና ወንበሩን አመቻችቶ ታሪኩን ነገረን። ፋብሪካው አሜሪካ ውስጥ ስሙን ያገኘው ለባቡር ሠራተኞች በሠራው ሰዓት ነው፤ የባቡር ሰዓት ከተዛባ ባቡር ከባቡር ይጋጫል። በዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደር ሠራ። ኋላ እዚያው መሥራቱ ሲወደድበት ማሽኑን ከስዊስ እያስመጣ በራሱ ስም ይሸጥ ጀመር። በመጨረሻም የአሜሪካውን ዘግቶ ጠቅልሎ ስዊስ ገባ።

«ይህ ከፋብሪካ የወጣው እንዲህ ሆኖ ነው፤ ማንም አልነካውም» ብላ ሂክማ ተረጎመችልኝ። አስደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲናገር በስልኳ ቀረጸችው።

ማወቄ ብቻ አልበቃኝም። ደሴ የአባቱ መጋዘን ውስጥ ለሚውለው ለሐጂ የበኩር ልጅ ለሰይድ ቪዲዮውን ልኬ ደወልኩ።

«ዘሀራ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው እኮ። አባቶቻችን ጉዳያቸውን አላህ ፊት ጨርሰዋል» አለኝ።

«አላህ ፊት ያለውን አላህ ያውቃል። እኔ የምጠይቅህ ደሴ ላይ ያለውን ነው። መስጊድ በር ላይ የተባለ፣ መስጊድ በር ላይ ይታረም።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«አባት ተሳሳተ፣ ልጅ አረመ ይልሃል። አባትህን ሌባ አላልኳቸውም፤ ተሳስተዋል ነው ያልኩት። እሳቸው ለአባቴ ይህን ያህል አልራሩለትም።»

ስልኩን ዘጋው። ሁለት ጁምዓ አለፈ። ሂክማ «ማንም የማያስታውሰውን ነገር ለምን ትቀሰቅሺዋለሽ?» አለችኝ። በደል ያረጃል እንጂ በራሱ አይሞትም፤ የሚሞተው የሚያስታውሰው ሰው ነው። እኔ ሳልሞት እንዲያልቅ ፈለግሁ።

ወደ ፕሪንስዳል በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«ከስግደት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ተናገርኩ» አለ ሰይድ። «ወጣቶቹ ‹ዑመር ማን ነው?› አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ከአባቴ ሰዓት ውስጥ ያወጡት አቧራውን ብቻ ነው አልኳቸው።»